ከፈንታሁን ካባ ጋር የቋጠርሁት ጋቢ

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። የጉናን ዳገት ያለ ከዘራ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ አርፋለሁ፤ ያም አገር ለማየት ነው። ፊደል የያዝሁት በጎልማሳነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ደብተር፣ አትሳቅብኝ። ሚስቴ ትርንጎ ከሞተች ወዲህ የማናግረው አንተን ነው።

ዛሬ በመኪና ድምፅ ማጉያ እያስለፈፉ ነው። ፈንታሁን ይመጣል። ፕ/ር ፈንታሁን። ባሕር ማዶ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኗል አሉ። ቅዳሜ በአዳራሹ ካባ ያለብሱታል።

ይምጣ። እኔም አለሁ።

ኅዳር 4

ማሪቱ፣ መምህሯ ልጄ፣ የሕይወት ታሪኩን ከጥሪ ወረቀቱ አነበበችልኝ። በእግሩ በመተማ ሱዳን ገባ። ካርቱም ሰሃን አጠበ። ባሕር ተሻግሮ ተማረ። የታሪክ ዶክተር ሆነ። አስተማረ። አሁን ፕሬዚዳንት።

አንድ ነገር ዘለሉ። ከመሰደዱ በፊት አሥራ አንድ ቀን እኔ ቤት ሰንብቷል፤ ቴፕ ይዞ። ትርንጎ አልቃሽ ነበረች። ልቅሶ ላይ ቆማ የሟቹን ዘር እስከ ሰባት ቤት በግጥም ታወርዳለች። ማን የማንን ርስት እንደ ወሰደ፣ ማን የት እንደ ወደቀ፣ ሁሉ በአፏ። ያን ሁሉ ቀዳ። ጠላዬንም ጠጣ። ቴፑን ይዞ ተሰደደ።

ዶክተርነቱ ከሷ ጉሮሮ የወጣ ነው።

ኅዳር 5

ማሪቱ መጽሐፉን ከት/ቤት አመጣችው። የሹሙ ስም አለ። የሽፍታው አለ። የሽፍታው በቅሎ እንኳ ስም አላት! ትርንጎስ? «አንዲት የጉና አልቃሽ»። አንዲት! በቅሎዋ በለጠቻት።

ትርንጎ ስትሞት አልቃሽ ታጣ። እንደሷ ያለ የታል? ለአገር ያለቀሰች በዝምታ ተቀበረች። ለተዝካሯ ድምፅዋን ላክልኝ ብዬ ለፈንታሁን ደብዳቤ አስጻፍሁ። መልስ የለም።

እራቴን አልበላሁም። ደሜ ፈልቷል።

ኅዳር 7፣ ከሰዓት

ቆረጥሁ። በጥንቱ ሥርዓት ቁራኛ እይዘዋለሁ። ከሳሽ «በሕግ አምላክ» ይላል። ልብሱን ከተከሳሹ ልብስ ይቋጥራል። ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይውላሉ። ከከሳሹ በቀር የሚፈታው የለም። ይህንንም ለፈንቴ የነገረችው ትርንጎ ናት። መጽሐፉ ላይ ጽፎታል። አላውቀውም ሊል አይችልም።

ጋቢዬን አጠብሁ። ማሪቱ ታለቅሳለች። አባዬ ይቅርብዎ፣ የከተማው መሳቂያ ይሆናሉ ትላለች። እናቷም ስትለምነኝ እንዲሁ ነበረች። እሷንም አልሰማሁም።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ካባው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ተነሣሁ። በሕግ አምላክ! መድረኩን ያለ ከዘራ ወጣሁ። ጥበቃዎች ሮጡ። ፈንቴ በእጁ ከለከላቸው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሸብቷል። ጋቢዬን ከወርቅ ጥልፉ ጋር ቋጠርሁ፤ ሁለቴ።

አንዱ ከኋላ «እልል በሉ እንጂ፣ ሙሽሮቹ መጡ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ጮኼ ተናገርሁ። የሚስቴን ስም በልቷል፣ ድምፅዋን ወስዷል አልሁ። ሳቁ ቆመ። ፈንቴ አንገቱን ደፋ። እውነት ነው፣ ስሟን አልጻፍሁም አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ደስ አለኝ። ደብተር፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ምሳም ተቋጥረን በላን። እሱ ሲጎርስ የኔ ክንድ ይሳባል። በኋላ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻችንን ተውን። ደብዳቤዬን ለምን ናቅኸው አልሁት። ድምፅዋን ልልክ ብዬ መጀመሪያ ሰማሁት፣ ከዚያ ተውሁት አለኝ። ለምን?

«ይቅርብዎ አያ አዱኛ። አይስሙት።»

አሰማኝ አልሁ። ስልኩን አወጣ፤ ቴፑን ገልብጦበታል።

ትርንጎ። ሳሏ ሳይቀር የራሷ። አውርዳ ጨረሰች። የፈንቴ ድምፅ፣ የጎረምሳ፣ ሙሉ ስምሽን ልጻፍ ይላታል። እሷ ትስቃለች። ጻፍ እንጂ፣ ልጄ ታነበዋለች ትለዋለች። ከዚያ አንድ ወንድ ይቆጣል።

«ስሟን እንዳትጽፍ! የኔ ሚስት አልቃሽ ተብላ ወረቀት ላይ አትወጣም! በል ማልልኝ!»

ፈንቴ ይምላል። ትርንጎ ዝም። ቴፑ ዝምታዋንም ቀድቶታል፤ ረጅም ነው።

የተቆጣው እኔ ነኝ።

ረስቼው ነበር። ወይስ አልረሳሁም? ፈንቴ ግን ይህን እያወቀ ነው ሕዝብ ፊት አንገቱን የደፋልኝ። ለዚህ ይበልጥ ጠላሁት። ቋጠሮው ጠብቆ ነበር። በጥርሴ ፈታሁት።

ኅዳር 10

እንጨት አልፈለጥሁም።

ኅዳር 11፣ ጠዋት

ፈንቴ ከነገ ወዲያ ይሄዳል። ዕዳዬን እዚህ እጽፋለሁ። ማንም አይከፍልልኝም፤ ራሴ ነኝ።

ለፈንቴ፦ ከመሐላው ቄስ ፊት እፈታዋለሁ። እግሩ ላይ ግን አልወድቅም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን መጥቶ፣ አያ አዱኛ ፍቱኝ፣ ማለት አቅቶት ነው? ይህ የሱ ዕዳ ነው፤ በሰማይ እንተሳሰባለን። በእጄ ጽፌ የምሰጠው ወረቀት ይኸው፦ ወ/ሮ ትርንጎ፣ የጉና አልቃሽ። አልቃሽ የሚለውን ሁለቴ ሰረዝሁ። በሦስተኛው ተጻፈ። መጽሐፉ ላይ ያስገባው።

ለማሪቱ፦ ስሟን ማን እንዳስቀረው እነግራታለሁ። ዛሬ፣ ከት/ቤት ስትመለስ።

ለትርንጎ፦ ልቅሶ። ነገ ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ መቃብሯ ላይ ቆሜ እኔው አወርዳለሁ። ግጥም አልችልም። ድምፄም ሻካራ ነው። ይሳቁ። ፈንቴም ይምጣና ይቅዳው። ስሜን በሙሉ ይጻፍ። ሥራዬንም፦ አልቃሽ።