በተስቦ አልሞትክም

የልጆቼ አባት ይመር፣

እንደምን ነህ አልልህም፤ አፈር ውስጥ ያለ ሰው ምን ብሎ ይመልስልኛል። ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀረው። እኔና ልጆችህ አለን። ዘንድሮ ምድሩ አብቅሏል፣ ላሚቱም ወልዳለች። ደግ ደጉን እየነገርኩህ ውስጤ ግን እርር ድብን ብሏል። ለሰው ብናገረው አበደች ይሉኛል፣ ስለዚህ ለአንተ ልጻፈው። አዎ፣ የምጽፈው እኔው ነኝ። ለዘመቻ የመጡት ተማሪዎች ፊደል አስቆጥረውኛል።

መጀመሪያ አንተን ልቆጣህ። በዚያ ክፉ ቀን፣ ሰኔ ገብቶ ዘር ስናጣ፣ አትሂድ ብዬህ ነበር። አንተ ግን ባላባቱ ጎተራው ውስጥ የቆለፈው ገብስ የራሴ ላብ ነው፣ ለዘር እንኳ ያበድረኝ ብለህ ወጣህ። የባላባቱ ዘበኛ ደምሴ በጠመንጃው ሰደፍ ደረትህን ሲመታህ የጎተራውን በር እንኳ አልነካህም ነበር። አብረውህ የሄዱት ጎረቤታችን ሸህ እንድሪስ ተሸክመው አመጡህ። ሦስት ቀን ደም ስትተፋ ቆይተህ ሞትክ። ምን ነበር ብትሰማኝ! ብትሰማኝስ ልጆቹን ምን ልናበላቸው ነበር፤ እሱንም አውቃለሁ።

በሰልስትህ ማግስት መካነ ሰላም ከተማ የእርዳታ ስንዴ መጣ ተባለ። ወንድምህ ካሳውና እኔ ልጆቹን ይዘን ሄድን። ስንዴውን የሚያድለው ጸሐፊ አባወራ የሞተበት ቤት ወረቀት ይፈርም አለ። ካሳው ወረቀቱን አገላብጦ አየና አውራ ጣቴን ይዞ ቀለም አስነካኝ፤ እሱም በጣቱ ፈረመ። ስንዴውን ተሸክመን ተመለስን። እኔ የስንዴ መቀበያ መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ፍርድ ቤት ሄጄ ባሌን ገደሉብኝ ብዬ ከሰስኩ። ዳኛው መዝገብ አስመጥቶ ያንን ወረቀት አነበበልኝ። ባሌ በተስቦ ታሞ ሞቷል፣ በማንም ላይ ክስ የለኝም ይላል። ጣትሽ አይደለም ወይ አለኝ። ክው አልኩ! ለካ ያን ሰሞን የሞተው ሁሉ በተስቦ ሞተ ተብሎ ነበር የሚጻፈው፤ ረሃብ የሚባል ነገር መዝገብ ላይ እንዲገባ ሹሞቹ አልፈለጉም። በረሃብ የሞተውም ተስቦ፣ በሰደፍ የሞተውም ተስቦ። ምስክሬ ሸህ እንድሪስ ደግሞ በረሃቡ ተሰደው አገር ለቀዋል። ዳኛው እንግዲያው የሐኪም ማስረጃ አምጪ አለኝ። ሐኪሙ ያለው ደሴ፣ አንተ ያለኸው አፈር ውስጥ! ቆፍሬ አውጥቼ ልወስድህ ኖሯል?

ከዚያ ይኸው አብዮት መጣ። ባላባቱ ሸሽቶ ጠፋ፣ መሬቱ የአራሹ ሆነ። እሰይ፣ አሁን ይፈረድልኛል አልኩ። አይ እኔ ሞኟ! ደምሴ ያንኑ ጠመንጃ አንግቶ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ሆኖ ቁጭ አለ። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ እኔም ጭቁን ነበርኩ ይላል። እሱ ጭቁን ከሆነ አንተ ምንድን ነህ?

ይህም አልበቃው ብሎ ሽማግሌ ላከ። እንደ አገሩ ወግ እህቱ ለካሳው ትዳርለትና ደሙ ይድረቅ፣ ዝምድና ይሁን አሉ። ካሳውማ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ ጋቢውን ያጠበው እኮ በዚያው ሳምንት ነው! በአንተ ደም ሚስት ሊያገባ! ሽማግሌዎቹን እግራቸውን ስሜ፣ መጀመሪያ ገደልኩ ይበል፣ ያልገደለ ሰው ከማን ጋር ይታረቃል ብዬ ሸኘኋቸው።

ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ፊት ቆሜ አውጫጭኝ ይጠራልኝ አልኩ። መቼም ታውቀዋለህ፤ የአገር ሰው ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያውቀውን የሚናገር እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በክፉው ቀን ብጠይቅ የተራበ ሰው እንዴት ይቀመጥልሻል ብለውኝ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም በልቶ ያድራል። ሊቀ መንበሩ ይህ የፊውዳል ልማድ ነው፣ ደግሞም እኛ የነፍስ ግድያ አንዳኝም አለ። አትዳኙ፣ ቃል ተቀብላችሁ ለፍርድ ቤት ላኩልኝ አልኩና መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ከስደት የተመለሱት ሸህ እንድሪስ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ አገሩ ሁሉ ተቀመጠ።

ሸህ እንድሪስ ወላሂ ብለው ማሉና ሲመታህ ያዩትን ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ እሳቸው አንድ ሰው ናቸው፣ ሚስትና ወንድም ደግሞ በተስቦ ሞተ ብለው ፈርመዋል አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። በመጨረሻ ካሳው ተነሣ። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት እንደነበረ ሰምቻለሁ፤ ማንበብ ይችላል ብዬ ግን ጠርጥሬም አላውቅ። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ አለ። ተስቦ እንደሚል እያወቅሁ ነው ጣቷን ያስነካሁት፤ ብነግራት እንቢ ትላለች፣ እንቢ ካለች ስንዴ የለም፣ ልጆቹም ያን ሳምንት አያልፉትም ነበር አለ። ከዚያ እዚያው ሜዳ ላይ እንደ ሴት ሳያፍር ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ይመር፣ አፈር በበላሁ! ላንቀው ዳድቶኝ ነበር። ወረቀቱ ውሸት መሆኑ ስለታወቀ ደምሴ ጠመንጃውን ተቀምቶ መካነ ሰላም ታስሯል። ሸንጎው ለፍርድ ቤት በላከው ቃል ላይ ተደብድቦ ተገደለ የሚለውን በገዛ ዓይኔ አንብቤዋለሁ። የካሳው ሰርግም ቀረ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ካሳው ሲመጣ በሬን እዘጋበታለሁ። ልጆችህ ግን አጎቴ አጎቴ እያሉ ይሮጡለታል።

ለሰው ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፤ አንተን ግን አልዋሽህም። ያን ዕለት ማንበብ ብችልም ኖሮ እፈርም ነበር። ትንሿ ልጅህ አንገቷ ተልፈስፍሶ እጄ ላይ ነበረች። ካሳው ያን ነገር ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻው ተሸክሞልኛል። ይቅር ግን ገና አላልኩትም፤ ራሴንም አላልኩም።

ፍርድ ቤቱ በቀጠረኝ ቀን ሁሉ እሄዳለሁ። ልጆችህ ሲያድጉ ማን እንደገደለህ እነግራቸዋለሁ። በአንተ ሞት ላይ ውሸት ፈርመን ነፍሳቸውን እንዳቆየናትም እነግራቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንዱንም ሳልደብቅ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ የሺ