ማኅተም የሌላት ጣውላና በአዳራሹ የበራችው ፀሐይ

ወንድምዬ፣ እንደምን ዋልክ? ደብዳቤ ስጽፍ ቁጣዬን ከሰላምታው እንዳላስቀድም ሁልጊዜ ትመክረኛለህ። ዛሬ የምጽፈው ለአለቃህ ነው። ምክርህን ይዤ እጀምራለሁ፤ መሀል ላይ ካቃተኝ ግን እንዳትቆጣኝ።

ለተከበሩ የከተማችን መብራት አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው ብርሃን የሞላበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና ባልደረቦቹ «ቀጮ» ይሉት የነበረው የመስመር ሠራተኛዎ ታናሽ ወንድም የሆንኩ እኔ፣ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ወንድሜ ምሰሶ ላይ ሆኖ ሽቦ ሲቀጥል መስመሩ ተለቀቀበትና ሞተ። መሥሪያ ቤትዎ የላከልን ሪፖርት «ሟች ሕጋዊ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሳይሰቅል ወደ ሥራ ገብቷል» ይላል። እናታችን ይህን ካነበበች ጀምሮ ሥራዋን ትታ በየመሀሉ «ረስቶ ይሆን?» ትለኛለች። የምጽፍልዎ ይህች ዓረፍተ ነገር እንድትታረም ነው። ሳያመሰግኑ መጠየቅ ግን ነውር ስለሆነ ከምስጋናው ልጀምር።

1. በዚያው ማክሰኞ በአዳራሽዎ ስላዘጋጁት «የነገዋ ፀሐይ» አውደ ርዕይ አመሰግናለሁ። ክፍላችን በሙሉ ተጋብዞ ነበር። አስረጂዋ ፊውዥን ስለሚባለው የኒውክሌር ውህደት ጥሩ አድርገው አስተማሩን። ቀላል የሃይድሮጂን አተሞች ተዋህደው ፀሐይን የሚያበራው ዓይነት ኃይል እንደሚወጣ፣ ከነዳጁ አንዱ ከባሕር ውሃ እንደሚገኝ፣ ጭስም እንደሌለው ተረዳን። ችግሩንም አልደበቁንም። ሙቀቱ ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ስለሆነ ችሎ የሚይዘው ዕቃ የለም፤ ግድግዳ ሳይነካ በማግኔት ተንጠልጥሎ መቆየት አለበት። ትሪቲየም የሚባለው ሌላው ነዳጅ እንደ ልብ ስለማይገኝ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ከሊቲየም መመረት አለበት። የሚፈናጠሩት ኒውትሮኖች ደግሞ የማሽኑን ግድግዳ እያደር ያደክሙታል። በአንድ ቤተ ሙከራ ነዳጁ ከተተኮሰበት ጨረር የበለጠ ኃይል ሰጥቷል፤ ጨረሩን ለማመንጨት ከመስመር የተወሰደው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ይህን ሁሉ የተማርነው በስልክ መብራት ነው፤ የአካባቢው መስመር ለጥገና ተዘግቶ ነበርና።

2. ስለ ጓጉንቸሩ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ወንድሜ፣ ሰው ምሰሶ ላይ እያለ የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያው ማብሪያ እጀታ የሚቆለፍበት ጓጉንቸር እንዲገዛ አራት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቋል፤ አራት ጊዜም «በሂደት ላይ ነው» ተብሏል። የዚያን ቀን ጠዋት ጫማውን እያሰረ የጥሪ ወረቀቴን አነበበና፣ «ፀሐይንም ቢያመጧት በእኔው ምሰሶ ነው የምትመጣው፤ መጀመሪያ ጓጉንቸር ግዙ በላቸው» አለኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር አልነገርኳቸውም። ፊውዥን ሠላሳ ዓመት ያህል እንደሚቀረው ግን ሰማሁ። ጓጉንቸሩ ስንት እንደሚቀረው የሚነግረኝ አስረጂ አላገኘሁም።

3. ስለ ማኅተም ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የመሥሪያ ቤትዎ ቀይ ምልክቶች ካለቁ ዓመት ስላለፋቸው ወንድሜ እጀታው ላይ የሚሰቅለው እኔ የጻፍኩለትን ጣውላ ነበር፦ «ሰው ምሰሶ ላይ አለ። አታብሩ።» በእጅ ጽሑፌ ለባልደረቦቹ ይኮራብኝ ነበር። የዚያን ቀንም ሰቅሏታል፤ የማከፋፈያው ዘበኛ በዓይኑ አይቷል። የተጋበዙት ትልቅ እንግዳ ጨለማ ውስጥ ቆመዋል ተብሎ ከአዳራሹ ሲደወል የፈረቃ ኃላፊው አወረዷት። ዘበኛው «ምነው፣ ሰው አለ እኮ» ቢላቸው፣ ማኅተም የሌለውን ጽሑፍ መመሪያው አያውቀውም ብለውታል። ይህን ዘበኛው ራሱ ቀብር ላይ ነግሮኛል። ስለዚህ ሪፖርቱ አልዋሸም፤ ጣውላዋ ሕጋዊ አልነበረችም። የምትነበብ ብቻ ነበረች።

4. መብራቱ መጣ። ክብ ሆኖ የተሠራው የማሽኑ ሞዴል ሐምራዊ ሆኖ በራ፤ እንግዳው ፈገግ አሉ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ለዚህኛው እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ከዚያ አስረጂዋ በዚያው ብርሃን የመጨረሻውን ሰሌዳ አነበቡልን፦ የዚህ ኃይል አንዱ በጎነት፣ አንዳች ነገር ሲበላሽ ራሱን ችሎ መጥፋቱ ነው። ደስ የሚል ጠባይ ነው። የእርስዎ መስመር ግን የወንድሜ ባልደረቦች እየደጋገሙ ሲደውሉ እንኳ የእንግዳው መኪና ከግቢ እስኪወጣ ድረስ አልጠፋም።

ክቡር ሆይ፣ ፊውዥንን የጠላሁ እንዳይመስልዎ። ቢሳካ ደስ ይለኛል፤ ምናልባትም እማረው ይሆናል። ነገር ግን ያን ጊዜም ቢሆን ሽቦውን ለመቀጠል የሚወጣ የሰው ልጅ ይኖራል፤ ከታችም እጀታውን የሚይዝ ሌላ ሰው ይኖራል። በመካከላቸው ያለውን ነገር ለማበጀት መቶ ሚሊዮን ዲግሪ አያስፈልግም። የምለምንዎ ከ«ሟች» ቀጥሎ ያለው ሁሉ ተሰርዞ «የሰቀለው ወርዶበታል» ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ሁለት ቃላት ናቸው። ማኅተም ያድርጉባቸውና ለእናቴ ይላኩላት።

ለብርሃንዎ ካለኝ ወደር የሌለው አክብሮት ጋር፣
ካጨበጨቡት ተማሪዎች አንዱና የጣውላዋ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጣውላዋ ጠፍታለች ስለተባለ እንዳይቸገሩ ሌላ ጽፌያለሁ። እሷም ማኅተም የላትምና የሚያወርዳት ሰው መላክ ይችላሉ። የጻፍኳት ከቀብሩ ማግስት፣ ሁለታችን በምንተኛበት ክፍል ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። እሱ በሚነሳበት ሰዓት ተነሣሁ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ዩኒፎርሜን ለብሼ ወደ ማከፋፈያው ሄድኩ። ዘበኛው ጣውላዋን አንብቦ ዛሬ ምሰሶ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። በሩን ከፈተልኝ።