ኩራዝ ፍለጋ መካነ ብርሃን ድረስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት ከቤት ስወጣ ጎረቤታችን ሸዋገነት በር ላይ ያዘችኝ። «ፈህሚያ፣ መብራት ሄዶብናል፣ እስቲ ነይና እዪልን!» ስድስት ዓመት ነገርኳት። መብራት ኃይል አይደለሁም፣ ፊልም ላይ ነው የማበራው። «ታዲያ ያው መብራት አይደል?» ነው። ምን ይባላል?

አባቴ ጎንደር አራዳ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ገመድ መጠቅለል የተማርኩት እዚያው ነው። «ከሱቄ ወጥተሽ የሰው ገመድ ልትሸከሚ!» እያለ ያበሽቀኛል።

ከአዲስ አበባ የመጣው የፊልም ቡድን ዛሬ ሥራ ጀመረ። የመብራት ኃላፊው ልዑልቃል ይባላል፤ እኔ አንዷ ረዳቱ ነኝ። ጃኬቱ ላይ አሥር ኪስ... አንዱ ውስጥ ቴስተር የለም። የተበላሸ ሶኬት በጣቱ ሊነካ ሲል እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምነው በተውኩት!

ምሳ ላይ ግን ዳይሬክተሯ ሚስጥር ጆሮዬን አቆመችው። ከዚህ ፊልም በኋላ ጎንደር ላይ አሥራ ሁለት ክፍል ድራማ አለ። ልዑልቃል ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ የመብራት ኃላፊ ከረዳቶቹ መሀል ይወሰዳል። ማን እንደሚሆን የሚጠቁመው ደግሞ... እሱ።

ስንት ሠርግ፣ ስንት ክሊፕ አብርቼ፣ መጨረሻዬ በዚህ ሰውዬ ምላስ ላይ ይንጠልጠል? እሺ። ጥርሴን ነክሼ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

«ስምሽ ይከብዳል። ፌቨን ልበልሽ?» አለኝ። ፈገግ አልኩ። ፈገግ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

መካነ ብርሃን ገባን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቀረጻው አያ ባዬ የሚባሉ ገበሬ ቤት ነው፤ እናት የልጇን ሞት የምትሰማበት ቦታ። ልዑልቃል ኩራዝ ካልበራ አለ። «የገጠር ቤት ያለ ኩራዝ ነፍስ የለውም።» መንደሩን ሁሉ ኩራዝ ስንለምን ዋልን። የለም። አያ ባዬም ግራ ገባቸው።

«ኩራዝ? ምነው?»

«ለመብራት ነዋ፣ አያ።»

«መብራትማ አለ!» ጣራቸው ላይ ያለውን ሶላር አሳዩን። «ሸጋ አርጎ ያበራል። ኩራዙንማ ጣልነው፣ ጭሱ የውዱን ዓይን ሲያነደው።» ውዱ ሚስታቸው ናት።

የኔ ጌታ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሶላሩን አውርዱት። አምፖሉንም ንቀሉት። ሰው አያምነንም።» በሰው ቤት! በሰው ጣራ! ማን ነው የማያምነው? አዲስ አበባ ሶፋ ላይ የተቀመጠው?

ሚስጥር ቆማ እያየች ሶላሩ ወረደ፤ በመጨረሻም ከአንድ ጎተራ ሥር የዛገ ኩራዝ ተገኘ። ልዑልቃል ትልቁን መብራት ደግሞ በብርቱካንማ ፕላስቲክ ሸፈነው። ውዱ በበሩ ብቅ ብላ፣ «ኧረ ቤቴን እሳት በላው!» ብላ ሳቀች። መካነ ብርሃን ድረስ መጥቶ ብርሃን የሚያጠፋ ሰው... እኔስ? አፌን ዘጋሁ። ጥቆማው ያስፈልገኛላ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሚስጥር ምስሉን አየች። «ይሄ ለቅሶ ነው ጭፈራ ቤት?»

ልዑልቃል ዓይኑን አላሸም። «ፕላስቲኩን ያደረገችው ፈህሚያ ናት።» ስሜ ዛሬ አልከበደውም!

ሚስጥር ወደኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ። ወላሂ፣ አዎ አልኩ።

ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ፕላስቲኩን ገፍፌ ጣልኩት። አያ ባዬን ለምኜ ሶላሩ ተመለሰ፣ አምፖሉ የድሮ ቦታው ላይ በራ። ጋቢያቸውን ግድግዳው ላይ ወጠርን። ትልቁን መብራት ወደ ጋቢው አዞርኩት፣ ከዚያ ተመልሶ ለስለስ ብሎ እናትየዋ ፊት ላይ እንዲያርፍ። ውዱ አየችና፣ «አሁን ቤቴ ሆነ» አለች።

ተዋናይዋ ስታለቅስ ካሜራማኑም አለቀሰ። ልዑልቃል ጃኬቱን አስተካክሎ፣ «አንዳንዴ ቀለል ማድረግ ነው» አለ። ቀለል! ሲያጨበጭቡለት እጅ ነሳ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ጌቾን ጠቆመ። ጃኬቱን የሚሸከምለትን ረዳት! ስለኔ የተናገረው ይህን ነው፦ «ገመድ ጥሩ ትጠቀልላለች።»

ሚስጥር ያረፈችበት ሆቴል ድረስ ሄድኩ።

«ሚስጥር፣ ጋቢውን ማን እንደወጠረው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ውዱ ነግራኛለች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ያላጠፋሽውን አዎ ያልሽው አንቺ! ስህተቴን ፊት ለፊት የማትነግረኝ ላይትማን ምን ትሠራልኛለች? ደግሞ ስትንቂን አይቻለሁ፣ እህቴ። ዓይንሽ ይሳደባል፣ አፍሽ እሺ ይላል።»

ፊቴ ነደደ። እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ለደብተር አወራሁ፣ ለሰውየው አንዲት ቃል አልወጣኝም። ከእሱ በምን ተሻልኩ? እሱ ለሥራው ይዋሻል፣ እኔ ለሥራዬ ዝም እላለሁ።

«እንግዲያው ልንገርሽ» አልኩ። ኩራዙን፣ ፕላስቲኩን፣ ጭብጨባውን ነገርኳት። ጀምሬ ማቆም አቃተኝ። «አንቺም ብትሆኚ ሶላሩ ሲወርድ ቆመሽ አይተሻል።»

አበቃልኝ አልኩ... ከዚያ፣ «ከድራማው ሁለት ክፍል ሥሪ። እናይሻለን» አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ፀዳ ከተማ ነን። በኃላፊነት የመጀመሪያ ቀኔ። ገመድ የሚዘረጉልኝ አያ ፋንታሁን ይባላሉ፣ አባን ያክላሉ። ጠዋቱን ሙሉ ምላሳቸውን ጧ፣ ጧ እያደረጉ ዓይናቸውን ከመብራቴ አልነቀሉም። እንዳላየሁ ሆንኩ። ሦስቴ።

«ይናገሩ እንጂ፣ አያ ፋንታሁን!»

«ልናገር?»

«ይናገሩ።»

«ከፍ አድርገሽ ሰቀልሽው። የአፍንጫዋ ጥላ ከንፈሯ ላይ ወደቀ። ለልጂቱ ጢም አወጣሽላት።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ተዋናይዋም ጭምር። ሞኒተሩን አየሁ... ጢም ነው፣ ወላሂ!

መብራቱን አወረድኩት። ነገም ከጎኔ እንዲቆሙ ነገርኳቸው። ቀኑን ሙሉ ግን ስጠላቸው ዋልኩ።