ገርበብ ብላ የተሠራችውን በር ስለ ዘጋችሁልን

ለተከበሩ የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻው ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት እንደሚያገኝዎ፣ አብረውዎት የሚውሉትም ሁሉ ሰላም እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ መቀመጥና መተኛት ካቃተኝ በስተቀር ምንም አልሆንኩም።

በታችኛው መግቢያ በኩል ያለችውን፣ ቁመቷ ክንድ የማይሞላ የብረት በር የሠራሁት በያጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ እናታችንም ድንገት ቢመጣ ብላ የቤቷን በር ቀርቅራ አታውቅም። ያንን እያየሁ ገርበብ ያለች በር ሠራሁ፤ መሥሪያ ቤትዎም በጭብጨባ ተረከበኝ። ባለፈው ሳምንት ግን የጥገና ሠራተኞችዎ ክፍት ሆና ቢያገኟት ዘግተው፣ ዳግም እንዳትከፈት ጠርዝ ጠርዟን በየዷት። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የመናፈሻው ዋና በር ከማጠፊያው ተነቅሎ በሽቦ ከታሰረ ዓመት ሊሞላው ነው። ያንን አልፋችሁ አይጥ እንኳ የማትሾልክበትን የኔን በር ማስተካከላችሁ ለደኅንነታችን ምን ያህል እንደምታስቡ ያሳያል። ብየዳው እንደ ጭቃ የተለጠፈ ነው እንጂ ጥንካሬው አይታማም።

፪. በሦስት ቀን አራት ጊዜ ስመላለስ ምክትልዎ በትዕግሥት ተቀብለውኛል። ቅርጽ ናት፣ ክፍት የሆነችውም ሰው ስለሚጠበቅ ነው ብዬ ባስረዳቸው፣ ቅርጽም ብትሆን በር ናት፣ ክፍት በር ደግሞ የጥበቃ ጉድለት ነው ሲሉ አስተማሩኝ። እኔው ልክፈታት ብል የሕዝብ ንብረት ማውደም መሆኑን ነግረው ከእስር ስላዳኑኝም ዕድሜ ይስጣቸው።

፫. ይህችን ሳላሽሞነሙን ልጻፋት። እናቴ እሑድ እሑድ ወደ መናፈሻው እየሄደች የሠራኋትን በር በመሐረብ ትወለውል ነበር። ተዘግታ ስታያት፣ ሠራተኞቹ ተሳስተው ነው ብላት አላመነችኝም፤ መንግሥት አንድ ነገር ሳይሰማ እንዲህ አያደርግም አለችኝ። የልጇ መርዶ ደርሷችሁ፣ እንዳትደነግጥ ብላችሁ በዚህ መንገድ ያረዳችኋት መስሏታል። ከጎረቤት ወንበር ተውሳ፣ ለቅዳሜ ለቀስተኛ ጠርታለች። እኔም ከእናንተ ቢሮ እሷ ቤት፣ ከእሷ ቤት እናንተ ቢሮ ስባዝን ሰነበትኩ። ወንድሜ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በጥገና ክፍል ስህተት ግን እንዲለቀስበት አልፈልግም። ጨንቆኛል፣ ክቡርነትዎ።

ስለዚህ የምለምነው አንዲት ወረቀት ብቻ ነው፦ መሥሪያ ቤትዎ ስለዚህ ሰው ምንም እንደማያውቅ የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት። እውነቱን ስለምትጽፉ ብዙም አያደክማችሁም።

ክፍት ነገር ባዩ ቁጥር የሚያድርብዎ ትጋት እስከ ጡረታዎ ሳይቀንስ እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ ከደጅዎ የማልጠፋው አክባሪዎ፣

በያጁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምንም አናውቅም ብሎ ለመጻፍ የሚያውቅ ሰው መፍቀድ እንዳለበት፣ እርስዎም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ጸሐፊዎ አሁን በስልክ ነገሩኝ። አጠገቤ ሆና የሰማችው እናቴ፣ ለልጇ የተሰበሰባችሁ መስሏት፣ እግዜር ይስጣቸው ብላ መርቃችሁ ጥቁር ልትለብስ ገባች።