ለሁለት የፈረምኩት

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

ወፌ፣ የአባትሽ ዓይን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? የሰው አገር ካፒቴኖች "ረዳት አብራሪ" እያሉ ይጥሩሽ እንጂ እኔ አሁንም ወፌ ነው የምልሽ። ወፌ ቆመች ካልኩሽ ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አልገባልኝም። እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ደረጃውን እንደ ልጅ እየሮጠች ነው የምትወጣው፤ ተይ ሲሏት አትሰማም። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ጀምሬ ነበር። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁና ውሸቱን ከሰላምታው ባልጀምረው ይሻላል።

ብዕር ያስያዘኝ እሁድ ስትደውይ የነገርሽኝ ነው። "ካፒቴኔ እንዳንተ ደግ ነው አባዬ፤ ትንሽ ትተኛ ብሎ የዕረፍት ቅጹን የኔንም እሱ ይፈርምልኛል" አልሽኝ። እናትሽ ከጎኔ ሆና ስትሰማ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መስመሩ ተቆራረጠ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መስመሩ አልተቆራረጠም ነበር። ዛሬም ብደውልልሽ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል፤ ለዚህ ነው ጽፌ በስልክ ፎቶ አንስቼ የምልክልሽ።

የጭነት አብራሪነት ምን እንደሆነ አሁን አንቺም ገብቶሻል። መንገደኛችን አበባ፣ ጫጩትና የመኪና ጎማ ነው። ዘገያችሁ ብሎ አይጮህም፤ አብራሪው ዓይኑ ቀልቶ ቢገባም የሚያየው የለም። የአብራሪዎች ማኅበራችን ስለ ዕረፍት አራት ዓመት የተከራከረው ለዚሁ ነበር። እኔም ከተደራዳሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። በሁለት በረራ መካከል የአሥር ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ ማሳጠር ካስፈለገ ደግሞ እያንዳንዱ አብራሪ ተጠይቆ ራሱ እንዲፈርም ተስማማን። "ራሱ" የምትለዋን ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ። ለእሷ ብቻ ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀናል።

ሥራው ላይ ግን ያ ሁሉ ውል ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። የበረራ ምደባ ክፍሉ የማሳጠሪያ ቅጹን ለካፒቴኑ ብቻ ያቀብላል፤ ካፒቴኑም ልጁን አላስቸግረው ብሎ ለሁለቱም ይፈርማል። ኩባንያው እያየ እንዳላየ ያልፋል። እኛም ደግነት ይመስለን ነበር፤ ሁላችንም እናደርገው ነበር።

ረዳቴን ታስታውሺዋለሽ። ቤት ሲመጣ ብርቱካን እየላጠ ግማሹን ላንቺ የሚሰጥሽ፣ የበረራ ካርታ ማንበብ ያስተማረሽ እሱ ነው። አምና ከበረራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ እንቅልፍ ወስዶት፣ ከቆመ ከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ መሞቱን ነግሬሻለሁ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ቆየሁ።

ያን ጊዜ ከሁለት ተከታታይ በረራ በኋላ ያረፍነው አምስት ሰዓት ብቻ ነበር። ያረፍነውም ከዕቃ መጋዘኑ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። መጋረጃዋ ፀሐይ አይከለክልም፤ ውጭ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ይጮሃል። የምደባ ክፍሉ ሰውዬ ቅጹን ይዞ መጣና አሁን ከተነሳችሁ ነገ ጠዋት ቤታችሁ ናችሁ፣ የአሥር ሰዓቱ ዕረፍት ካልሞላ ካላችሁ ግን ነገ ከሰዓት በኋላ ነው የምትደርሱት አለኝ። ለሁለታችንም ፈረምኩ።

የረዳቴ ሚስት በማኅበሩ በኩል ኩባንያውን ከሰሰች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ "ድካሙን እያወቀ በገዛ ፈቃዱ በረረ" የሚለው ከኩባንያው መዝገብ እንዲሰረዝላት። የኩባንያው ጠበቃ ቅጹን አወጣ። ዳኛዋ ረዳትዎን ጠይቀውታል ወይ አለችኝ። ጠይቄዋለሁ፣ እሺ ብሏል አልኩ። ሚስቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ፣ "እንግዲህ እሱ እሺ ካለ ምን አደርጋለሁ፤ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለችኝ። 

እናትሽ ነገሩን ያወቀችው ከወር በፊት ነው። አልተቆጣችኝም። ሌላ ክፍል ገብታ ቆየችና ተመልሳ፣ "ሴትዮዋ ባሌ ራሱን በራሱ ገደለ እያለች ትኑር?" አለችኝ። 

ሐሙስ የክርክሩ የመጨረሻ ቀን ነው። ሄጄ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የበረርኩበትን ፈቃድ ይወስዱታል፤ ይውሰዱት። የሚቆጨኝ ያንቺ ነገር ነው። ስሜ ከስምሽ ቀጥሎ ነው የሚጻፈው፤ በእኛ ሙያ ደግሞ ወሬ ከአውሮፕላን ቀድሞ ያርፋል። ይቅር በይኝ ልጄ።

ሌላም አለ፤ ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ቅጹ ላይ ያለው ቀን የምረቃሽ ዋዜማ ነው። ትመጣለህ ወይ ብለሽኝ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። ጠዋት ደረስኩ። የአብራሪነት ክንፉን ደረትሽ ላይ ሳደርግልሽ እሱ ከሞተ ሦስት ሰዓት ሆኖት ነበር፤ እኔ ግን ገና አልሰማሁም። ላንቺ ከሳምንት በኋላ ስነግርሽ ቀኑን ደበቅሁሽ። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ይህችን መስመር ደጋግመሽ አንብቢያት። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።

አሁን አደራዬን ስሚ። ነገ ሥራ ስትገቢ፣ "ይቅርታ ካፒቴን፣ የኔን እኔው ልፈርም" በይው። ደግ ሰው መሆኑን አልጠራጠርም። ቢቀየምሽ ይቀየም። ከደከመሽ ደክሞኛል በይ፤ አውሮፕላኑ ይቁም፣ አበባው ይጠውልግ።

ለእናትሽ ረዳቴ ተኝቶ ነበር፣ መቀስቀሱ አሳዝኖኝ ነው አልኳት። ለዳኛዋም እንደዚያ ልል አስቤ ነበር። አልተኛም ነበር ወፌ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ስፈርም ያየኝ ነበር። ብጠይቀው አልችልም እንደሚል አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልጠየቅሁት። እሱም በዕድሜ አባቱ ነኝና አፍሮኝ ጫማውን አጠለቀና፣ "እንሂድ ጋሼ" አለኝ።

ሐሙስ ከፍርድ ቤቱ ስወጣ እደውልልሻለሁ። ባታነሺውም አይከፋኝም። ፈጣሪ ከእንቅልፍም ከይሉኝታም ይጠብቅሽ፤ የወጣሽበት ሁሉ በሰላም ይመልስሽ።

አባትሽ