የፒያኖ ቃኚው አባታችንና ከቁልፍ ያመለጠው ድምፅ

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በኅዳር ወር 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ጥቁር ሰሌዳ ሲሰለቻቸው፣ በ1953 ዓ.ም. ከአንድ ሽማግሌ ፒያኖ ቃኚ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገቡ። የዝንብ ክንፍ እንኳ በምን ድምፅ እንደሚጮህ ይለዩ ነበርና ባልንጀሮቻቸው «ጆሮው» አሏቸው። ስሙም ልባቸውን ሳያሳብጠው አልቀረም።

በ1962 ዓ.ም. ልብስ ተኳሽ ከነበሩት እናታችን ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። እናታችን ካውያ ይዘው ሲዘፍኑ መንገደኛ ይቆም ነበር።

በ1970 ዓ.ም. እናታችን የሚዘፍኑበት የሠፈሩ የዘፈን ቡድን በአዳራሽ ሲለማመድ፣ ፒያኖ ላይ የነበሩት አባታችን እናታችንን አስቁመው «አንቺ ሴትዮ፣ ድምፅሽ ከፒያኖው ቁልፍ ወጥቷል!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እናታችን ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ለልጅ እሹሩሩ እንኳ አላሉም።

ከዓመታት በኋላ አባታችን እናታችን የዘፈኑበትን የድሮ ካሴት ሲሰሙ፣ ያ ከቁልፍ ወጣ ያሉት ድምፅ በየዙሩ እዚያው ቦታ ሲያርፍ አገኙት። የተሳሳተ ሰው እንዲህ አይጸናም። ድምፁ ልክ ነበር፤ ከሁለት ቁልፎች መካከል ስለሚያርፍ ፒያኖው ላይ ነው የሌለው። በሐፍረት ራት ሳይበሉ ተኙ።

አፍ አውጥተው ይቅርታ ማለት ግን ሞት ሆነባቸው። በዚያ ፈንታ ከአሮጌ ኦርጋኖች ዕቃ አዲስ ኪቦርድ ሠሩ። ቁልፎቹ ሁሉ እኩል፣ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ናቸው። ዜማው ከየትም ቢነሣ የጣት አካሄድ አይለወጥም፤ በመካከል ለተረሱትም ድምፆች ቦታ አለ። የእናታችንን ድምፅ መጀመሪያ ከሁለቱ ጎረቤት ድምፆች ልክ ከመሀል አስቀመጡት። እናታችን የልብስ ሳፋ ይዘው ሲያልፉ «ሰውዬ፣ ይሄ ያንተ ነው፤ የኔ ትንሽ ዝቅ ይላል» አሏቸው። አባታችን ፈትተው እንደገና ቃኙ።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው እናታችንን ጠርተው ይቅርታ ለመኑ። እናታችን «በአዳራሽ ያዋረድኸኝን በጓዳ ልትክሰኝ?» ብለው እምቢ አሉ። «እውነትሽን ነው» አሉ አባታችን። ወደ አዳራሹ ሊሄዱ ልብሳቸው ከተተኮሰ በኋላ አቅም ከዳቸው። «እንግዲያው ይቅርታዬ ስቀበር ይነበብ፤ ያን ቀን ሰው አይቀርም» ብለው ለልጆቻቸው አደራ ሰጥተው፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው አረፉ።

አደራቸው ይህ ነው፦ ያኔ በአዳራሹ ልክ የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ የተሳሳቱት ቃኚው ናቸው።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እዚህ አፍረው ጨርሰዋልና ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያሳፍር ይቀበል።