አራት ወንበር

ጁን 2፣ እሑድ

ይህን ቀን የምጽፈው ዘግይቼ ነው። ደብተሩ የልጄ የቶሞያ የሒሳብ ደብተር ነው። ሦስት ገጽ ብቻ ጽፎበታል። እኔ ከአራተኛው ጀመርኩ።

እንደ ማንኛውም እሑድ ነበር። ማልጄ ተነሥቼ ለምሳው ሩዝ በእጄ ጨብጬ አድቦለቦልኩለት። ሦስት።

"አራት አድርጊው፣ እማ።"

"ሆድህ ጉድጓድ ነው?"

አራት አደረግኩት። ሰማዩ ጠቁሯል። "የዝናብ ልብስህን..." ስለው "ይዣለሁ፣ ይዣለሁ" አለኝ። ብስክሌቱን ከትንሿ መኪናችን ጎን አወጣ። እስከ ቤዝቦል ሜዳው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ደጅ ድረስ እንኳ አልሸኘሁትም። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

ሱፐርማርኬቱ ጓዳ ውስጥ የድንች ጥብስ አሽጋለሁ። ስልካችንን ሣጥን ውስጥ ቆልፈን ነው የምንገባው፤ ደንቡ ነው። ድምፅ ማጉያው ስሜን ጠራ። ዕቃ የጎደለ መሰለኝ። ወጣሁ። በጓሮው በር የኬይጎ እናት ቆማለች። ኬይጎ ከቶሞያ ጋር የሚጫወት ልጅ ነው። የቡድኑን ኮፍያ አድርጋለች፣ ከሥሩ ፀጉሯ ይንጠባጠባል።

"የቶሞያ እናት፣ መኪና ውስጥ ግቢ።"

"ምን ሆነ?"

"ግቢ ብቻ።"

መንገድ ላይ ነገረችኝ። በወንዙ ዳር መንገድ... የጭነት መኪና ሲታጠፍ... ሾፌሩ አላየውም። የመጨረሻውን ቃል አልተናገረችውም። እኔ ግን ሰማሁት።

ምን ብዬ መለስኩላት? ይህን መጻፍ አለብኝ። የሥራ ጫማዬ ዘይት ነክቶታል። የመኪናዋ ምንጣፍ ንጹሕ ነው። "ይቅርታ፣ አቆሸሽኩብሽ" አልኳት። "አስቸገርኩሽ" አልኳት።

ልጄ ሞቶ... አስቸገርኩሽ።

ጁን 14፣ ዓርብ

መኪናዋን እንዴት እንደለወጥን ልጻፍ።

ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ፋብሪካው የባሌን የኖሪዩኪን ትርፍ ሰዓት ቀነሰ። የትልቋ መኪና የሁለት ዓመት ቦሎ ደግሞ ደረሰ። ግብሩ፣ መድኑ፣ ነዳጁ... "ትልቋን እናውጣት" አለ። እኔም እናውጣት አልኩ። ልክድ አልችልም፣ ብያለሁ።

ትልቋ ስምንት ሰው ትይዝ ነበር። ትንሿ የጥቃቅን መኪኖች ቢጫ ታርጋ ያላት ናት። ሁሉ ነገሯ ርካሽ ነው፤ ግብሯም፣ ሆዷም። ሕጉ ግን ከአራት ሰው በላይ አይፈቅድላትም። እኛ ደግሞ አምስት ነን። እኔ፣ ኖሪዩኪ፣ አማቴ፣ ቶሞያና ትንሿ ልጄ ቺናሚ።

ሻጩ ልጅ እግር ነው፣ ሳቂታ። "ቤተሰቡ ስንት ነው?" አለ።

"አምስት። ወንዱ ልጅ ግን ብስክሌት አለው" አለ ኖሪዩኪ።

"እንግዲያው አምስተኛው ወንበራችሁ ባለ ሁለት ጎማ ነዋ!"

ሁላችንም ሳቅን። ቶሞያም ሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ዋጋ እንዲቀንስልን ብዬ።

ከዚያ ወዲህ የትም ለመሄድ ስንነሣ አማቴ በር ላይ ይቆሙና "ዛሬ ማን ይቀራል?" ይላሉ። "እኔ አሮጊቷ ልቅር።"

"አያቴ፣ ያንቺ ጉልበት ከእኔ ጎማ ይልቅ ተንፍሷል። ግቢ" ይላል ቶሞያ። ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ከኋላችን ይከተላል። ሲርቅ ደግሞ ይቀራል። ሁልጊዜ እሱ። አንድ ቀን እንኳ ዕጣ አላወጣንም።

ጁን 16፣ እሑድ

ዛሬም ጨዋታ አለ። መኪኖቹ በበራችን ሲያልፉ ሰማሁ።

ቡድኑ ደንብ አለው። ልጆቹን ሜዳ የሚያደርሱት ወላጆች ናቸው፣ በተራ። ትልቋ መኪና እያለች በወር ሁለቴ ስድስት ልጅ እጭን ነበር። ቀይ አፈር፣ የላብ ሽታ፣ ወንበር ሥር የረገጡት የሩዝ ፍርፋሪ... አጉረመርም ነበር። ትንሿ የመጣች ጊዜ ስማችንን ከተራው ራሴ አስወጣሁ። ከነዱላቸውና ከነሻንጣቸው የት ልጫናቸው? ውጪ ያለኝ የለም። "እነዚህ አያደርሱም፣ ልጃቸው ግን ይደርሳል" ያለም የለም። ማንም ሳይል ነው የሰማሁት።

እና ቶሞያን ወጥ ቤት ጠራሁት። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

"እኛ የማንንም ልጅ ሳናደርስ አንተ በሰው መኪና ስትንፈላሰስ ምን ይሉናል? ሰው አታስቸግር።"

"ኬይጎ'ኮ ጓደኛዬ ነው።"

"እሱ ጓደኛህ ነው። መኪናው የእናቱ ነው።"

የሽንኩርቱን ልጣጭ ሰበሰበልኝ። ከዚያ "እሺ" አለ።

እሺ። ምነው እምቢ ባይ ልጅ በወለድኩ? የጎረቤቱ ልጅ እናቱን ይሳደባል፣ በር ይሰብራል። ይኸው በሕይወት አለ።

ፖሊሱ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው አለ። ይሁን። ልጄን እዚያ መንገድ ላይ ያቆመው ማን ነው ብሎ ግን አልጠየቀም። ያን 'ሰው አታስቸግር' ያልኩትን ቃል መልሼ የምውጥበት መንገድ አለ? ሌላ ምንም ማወቅ አልፈልግም።

ጁን 19፣ ረቡዕ

ቢጫው ታርጋ በመስኮት ይታያል። መጋረጃውን ዘጋሁ።

ጁን 23፣ እሑድ

ትናንት እራት ላይ ኖሪዩኪን "መኪናዋን ሽጣት" አልኩት።

"ሸጬ በምን ሥራ ልሂድ? በእግሬ?"

"በብስክሌት።"

እንዴት ወጣኝ? ቺናሚ አንገቷን ደፋች። ኖሪዩኪ የመብያ እንጨቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ ቀስ ብሎ።

"በይው። ጨርሺው።"

"ሻጩ ስንት ናችሁ ሲልህ ምን አልክ?"

"አንቺስ? አብረሽ አልሳቅሽም?"

አማቴ የቶሞያ ፎቶ ወዳለበት ዞረው ማልቀስ ጀመሩ። "ቀድሜ እኔ መሄድ ነበረብኝ። ወንበር የያዝኩት እኔ ነኝ።" አይበሉ እማማ፣ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይያዝልኝ፣ ክፉ ሴት ሆኛለሁ።

ዛሬ ጠዋት ኖሪዩኪን መኪናዋ ውስጥ አገኘሁት። የኋላው ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። "በደንብ ቢጠጋጉ ለአንድ ልጅ ቦታ ነበር" አለኝ። ሕጉ አይፈቅድም፣ አልኩት። "አውቃለሁ" አለ።

ጁላይ 1፣ ሰኞ

ለቅሶ ለደረሱት ሁሉ የመልስ ስጦታ ላክን። ሻይ ቅጠል፣ በሣጥን በሣጥን። ለሐዘን የመጣ ገንዘብ እንኳ እኩሌታው በስጦታ ይመለሳል። ብድር በምድር። ኖሪዩኪ ስም ይጠራል፣ እኔ እጠቀልላለሁ። የጭነት መኪናው ድርጅት ስም ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ለእነሱም?"

"ለእነሱም። ውለታ እንዳይቀርብን" አልኩ።

ሣጥኑን የጠቀለልኩት በጣም አሳምሬ ነው። ማዕዘኑ እንደ ምላጭ።

ጁላይ 7፣ እሑድ

የኬይጎ እናት መጣች። እንደ ባዳ የሻይ ሣጥን ልኬላት ተቀይማ መሰለኝ። ለቶሞያ የዕጣን እንጨት ለኮሰች፣ መዳፏን ገጠመች፣ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ምንጣፉ ላይ ተደፋች። ግንባሯ መሬት ነካ።

"ምን ነካሽ! ተነሺ እንጂ!"

"በየእሑዱ አገኘው ነበር። ወንዙ ዳር። መኪናዬን አቆምና 'ግባ' እለዋለሁ። ከብስክሌቱ ይወርዳል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ እጅ ይነሣል። 'አመሰግናለሁ፣ ሰው ማስቸገር አይገባም' ይለኛል። እንደ ሽማግሌ! ኬይጎ በመስኮት 'ግባ አንተ ግትር' እያለ ይሰድበዋል። ይስቃል። ይሄዳል።"

"በዚያን ቀንስ?"

"በዚያን ቀንም ብዬዋለሁ። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ሦስት ባዶ ወንበር ነበረኝ። ወርጄ ጎትቼ ላስገባው አሰብኩ... እናቱ ትቀየመኛለች ብዬ ተውኩት።"

ሦስት ባዶ ወንበር።

"አመሰግናለሁ" አልኳት። እስከ ጫማ ማውለቂያው ድረስ ሸኘኋት። በሩን ስዘጋ እጄን አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት። እሷ እኔን ፈራች፣ እኔ እሷን አፈርኩ። ሁለት ጨዋ ሴቶች። በመካከላችን ልጅ አለቀ።

ጁላይ 20፣ ቅዳሜ

ከሞተ አርባ ዘጠነኛው ቀን። ከእሳት የተረፈ ዐፅሙን ወደ መቃብር የምናስገባበት።

ጥቁር ልብሳችንን ለብሰን ወጣን። አማቴ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆሙ። "ዛሬ ማን ይ..."

አልጨረሱትም። ኖሪዩኪ ቁልፉን ጣለው፣ ጎንበስ ብሎ እስኪያነሣው ብዙ ቆየ።

ገባን። ኖሪዩኪ፣ እኔ፣ አማቴ፣ ቺናሚ። የዐፅሙ ሣጥን ጭኔ ላይ። አራት ወንበር፣ አራት ሰው። በሩ ሲዘጋ ማንንም አልተጫነም።

አሁን ልክ ሆንን።

ኦገስት 12፣ ሰኞ

ነገ ሙታን ወደየቤታቸው የሚመጡበት ነው፤ መቃብር ድረስ ሄደን እናመጣቸዋለን። ቺናሚ ለወንድሟ ከኪያር ፈረስ ሠራች፣ እግሩ አራት ስንጥር። እንደ ወጉ ነው፤ ፈጥኖ እንዲደርስ። ለመመለሻው የደበርጃን ላም፤ ቀስ ብሎ እንዲሄድ።

"እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ መቃብሩ ጋ ለሙታኑ ጀርባውን ሰጥቶ 'ውጡ፣ ታዘሉ' ይል ነበር። እውነት እንደከበደው ነበር የሚራመደው" አሉ አማቴ። "አሁን ሰዉ የመኪና በር ነው የሚከፍትላቸው።" ከዚያ ሁላችንን ቆጥረው "ነገ እኔ እቀራለሁ። ልጁ በእኔ ቦታ ይምጣ" አሉ።

"እኔ እቀራለሁ" አለ ኖሪዩኪ።

"ፋኖሱን ማን ሊለኩስ?" አሉ አማቴ።

ቺናሚ ፈረሱን አስቀመጠች። "ወንድሜ በብስክሌት ይምጣ?"

አባቷ ቀና ብሎ አያት። እሷም ገባት መሰለኝ፣ አፏን በእጇ ያዘች። ስምንት ዓመቷ ነው። ይህን ያስተማርናት እኛ ነን።

ወደ ጓዳ ሄድኩ። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም። ደወልኩ።

"የኬይጎ እናት... ላስቸግርሽ ነው።"

"ንገሪኝ።"

"ነገ ባዶ ወንበር አለሽ?"

"ለስንት ሰው?"

"ለአንድ።"

ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"በስንት ሰዓት ልምጣ?" አለች።

ኦገስት 13፣ ማክሰኞ

ኬይጎና እናቱ መጡ። ኬይጎ የቡድኑን ልብስ ለብሶ ነው። መቃብሩ ያለበት ኮረብታ ላይ ስንወጣ መብራት በየመቃብሩ እየተለኮሰ ነበር። የእኛን ፋኖስ ኖሪዩኪ ለኮሰው። ወደ መኪኖቹ ወረድን። የኬይጎ እናት ተንሸራታቹን በር እስከ መጨረሻው ከፈተችው። በሩ አጠገብ ቆመች።

"ግባ" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። እንደገና አለች። "ቶሞያ፣ ግባ።"

ነፋስ የለም። ትንኝ ብቻ። በሩ ክፍት ሆኖ ሁላችንም ጠበቅን። ኬይጎ ውስጥ ተቀምጦ "ግባ አንተ ግትር" አለ፣ ቀስ ብሎ፤ ወደ ጥግም ተጠጋለት። ቶሞያ እኔን ነው የሚጠብቀው። ገባኝ። እኔ ካላልኩት አይገባም፣ እሺ ባይ ነው።

"ግባ ልጄ" አልኩት። "አስቸግር።"

በሩ ተዘጋ። እኛ በትንሿ ከኋላ ተከተልናቸው። ቀይ መብራታቸውን እያየሁ መጣሁ። በወንዙ ዳር መንገድ ሲያልፉ ቀስ አሉ። አለፉ።

ቤት ስንደርስ ለኬይጎ እናት የገዛሁት የኮክ ሣጥን መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ተጠቅልሎ። አየሁት። አልሰጠኋትም። እጄ ወደዚያ እንዳይሄድ ወደ ኋላ ያዝኩት። ይህ ውለታ ሳይመለስ ይቅር። ከእኔ ጋር ይኑር።

ምንም አልቀለለኝም። ያን ቃል የዋጥኩት ሁለት ወር ተኩል ዘግይቼ ነው። ትንሿ መኪና ደጅ ቆማለች። ነገ ኖሪዩኪ በእሷ ሥራ ይሄዳል።

ይህን ደብተር አንድ ቀን የምታገኙት ሰዎች፣ ማን እንደምትሆኑ አላውቅም። ቶሞያ ይባላል። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ አፍታ መዳፋችሁን ገጥማችሁ ስሙን ጥሩልኝ፤ በምታምኑት ሁሉ ጸልዩለት። እሱ ሰው ማስቸገር አይወድም፣ አይጠይቃችሁም። እኔ ነኝ የማስቸግራችሁ።